አቦል ለጥላው፣ በረካ ለብርሃኑ

በቡና የሰው መልክ እንደምሠራ የሰሙ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁኝ ስለ ሽታው ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ጥላው ነው። መልክን መልክ የሚያደርገው ብርሃን የሚያርፍበትና ጥላ የሚወድቅበት ቦታ ስለሆነ፣ ጤፍም ይሁን አዝራር፣ ማንኛውንም ቁስ ከማንሳቴ በፊት ከጨለማው እስከ ፈዛዛው ስንት ደረጃ እንዳለው አያለሁ።

ቡና በዚህ የታደለ ነው፤ ደረጃውን ከጀበናው ይዞት ይወጣል። በረካው ለግንባርና ለአፍንጫ ጫፍ የሚሆን ስስ ቀለም ይሰጠኛል። ጉንጩን በቶና አዞረዋለሁ። አቦሉን ደግሞ እሳት ላይ መልሼ እስኪወፍር አተነውና ለቅንድቡ፣ ለዓይን ብሌኑና ከአገጭ ሥር ላለው ጥላ አውለዋለሁ። ነጩ ቀለም ባዶው ወረቀት ነው። ወረቀት ውስጥ የገባ ቡና ደግሞ ሙሉ በሙሉ ስለማይለቅ፣ የዓይን ብልጭታ የሚያርፍበት ቦታ ከመጀመሪያው ሳይነካ መቆየት አለበት። የምጀምረው ከስሱ ነው፤ አንዱ ንብርብር በደንብ ሳይደርቅ ሌላው አይደረብበትም።

የቡና ጠብታ ሲደርቅ ውሃው ወደ ዳር እየሳበ ቅንጣቶቹን ይዞ ስለሚሄድ ጠርዙ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ይቀራል። ለስላሳ ጉንጭ ስሠራ ጠርዙን ሳይደርቅ በእርጥብ ብሩሽ አጠፋዋለሁ። የአዛውንት ዓይን ዙሪያ ስደርስ ግን እተወዋለሁ፤ እንደዚያ ያለ ቀጭን ሽብሽብ በእጄ ላወጣው አልችልም። ለጠጉሩ ዝቃጩን አድርቄ፣ በወንፊት ነፍቼ፣ ኮላ በተቀባው ቦታ ላይ እነሰንሰዋለሁ። በደንብ ያልደረቀ ዝቃጭ ይሻግታል። የተጠናቀቀው ሥዕልም ፀሐይ ካገኘው ስለሚደበዝዝ፣ በመስታወት አድርገው ከመስኮት ርቆ እንዲሰቅሉት ለወሳጆቹ አደራ እላለሁ።

ይሁንና ቁሱ ጥላ መስጠቱ ብቻውን አይበቃም። ብራዚላዊው ቪክ ሙኒዝ እ.ኤ.አ. በ1996 «የስኳር ልጆች» በተሰኙት ሥራዎቹ፣ በካሪቢያኗ ደሴት ሴንት ኪትስ የሚኖሩ የሸንኮራ እርሻ ሠራተኞችን ልጆች መልክ ጥቁር ወረቀት ላይ ስኳር እየነሰነሰ ሠርቶ ፎቶ አነሳቸው። ስኳሩ የወላጆቻቸው ድካም ስለሆነ፣ ሥዕሉን ያየ ሰው ስለ ልጆቹ ሳያስብ ማለፍ ይከብደዋል።

ከቁሱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውን ሰው በቡና ብሠራው ተመልካቹ «በምን ተሠራ?» ብሎ አድንቆ ይሄዳል። ጀበና ጥዳ ልጆቿን ያሳደገች እናት በቡና ስትሠራ ግን «ማን ናት?» ብሎ ይጠይቃል። የምደክመው ለዚህ ጥያቄ ነው። ስለዚህ ልብስ ሰፊ እንድሠራ ስታዘዝ ቡናውን አስቀምጬ አዝራርና ክር ፍለጋ መርካቶ እወርዳለሁ። ለጀማሪዎችም የምመክረው ይህንኑ ነው፦ ሰውየው በምን እንደሚኖር እወቁ፣ ከዚያ ቁሱን ምረጡ።