የክራር ዘፋኝ ሕይወት በራዲዮ ሲተረክ

በገርጂ ያለን ተማሪዎች፥ የዘፋኞችን ሕይወት ከሚተርኩ የራዲዮ ዝግጅቶች ብዙዎቹን አዳምጠናል። መዓዛ ብሩ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 በምታቀርበው «የጨዋታ እንግዳ» እንግዳው ታሪኩን ራሱ ሳይጣደፍ እንዲያወጋ ማድረጓ የሚመሰገን ነው። ሌሎች ዝግጅቶች ግን ዘፈኑን እንደ ማረፊያ ብቻ ስለሚቈጥሩት፥ ገና ሲጀመር ንግግር ይጫንበታል፤ ይህም እንደ መሰለን ትልቅ ጕድለት ነው።

ለምሳሌ፥ በመስከረም 2004 ዓ.ም. ያረፉትን አስናቀች ወርቁን እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የራሔል ሳሙኤል ፊልም «አስኒ» ፊታቸውን አሳይቶናል፤ የመድረክ ተዋናይም ስለ ነበሩ ፊታቸው ከዘፈናቸው አይነጠልም። ራዲዮ ግን ያለው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ የክራሩ ክሮች አንድ በአንድ ቢመቱ፥ ትዝታ ከባቲ፥ አምባሰል ከአንቺሆዬ በምን እንደሚለይ አድማጩ በጆሮው ይረዳል። ደግሞም የክራር ዘፋኝ ግጥሙን እንደ ጊዜውና እንደ ታዳሚው ስለሚለዋውጥ፥ የአንድ ዘፈን ሁለት ቅጂ ተከታትሎ ቢሰማ ከአሥር ሰው ምስክርነት ይበልጣል።

ባለ ክራሮቹ ሲያልፉ የሚቀረን ድምፃቸው ነውና፥ ዘፈኑ እስከ መጨረሻው ይሰማ እንላለን።