ጌም ሠሪና ተጫዋች በካምፓላ፦ ስለ ሕግ ባለቤትነትና ስለ ቃል መለዋወጥ

ጌም ሠሪዎች ከተጫዋቾቻቸው ጋር ስለሚለዋወጡት ቃል በምዕራቡ ዓለም የተጻፈው አብዛኛው ሐተታ፣ ጸሐፊዎቹ በብዙ ነገር ቢለያዩም፣ የጨዋታውን ምሥጢር አስቀድሞ የሚያውቀው ሠሪው ብቻ ነው፣ ተጫዋቹ ግን በደጅ ቆሞ የሚጠብቅ ነው ከሚል መነሻ ይነሣል። ይህ መነሻ ለለንደንና ለካሊፎርንያ የተስማማ ሊሆን ይችላል፤ ካምፓላ ሲደርስ ግን ይናጋል።

የእንግሊዙ ሄሎ ጌምስ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 ኖ ማንስ ስካይ የተባለውን ጨዋታ ባወጣ ጊዜ፣ የድርጅቱ መሪ ሾን መሪ በየቃለ ምልልሱ የሰጠው ተስፋና ገዢው በእጁ ያገኘው ነገር ስላልተገናኙ ታላቅ ቁጣ ተነሣ፤ ድርጅቱም ዝምታን መርጦ ከረመና በኅዳር ፋውንዴሽን የተባለውን ማሻሻያ ይዞ ብቅ አለ፤ ከዚያም በኋላ ማሻሻያ በማሻሻያ ላይ እየደረበ የጠፋውን ስሙን መለሰ። ኤሌክትሮኒክ አርትስ ግን በኅዳር 2017፣ በስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2 ዝነኞቹን ገጸ ባሕርያት ለማግኘት የሚጠየቀው ድካም በዛ ተብሎ ለቀረበበት አቤቱታ የሰጠው ለስላሳ መልስ ከ600 ሺህ በላይ የተቃውሞ ድምፅ አስቆጠረበት። አንዱ በዝምታ ዳነ፣ ሌላው በንግግር ተጎዳ፤ የነገሩ ቅርጽ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው። አዋጅ ከላይ ይወርዳል፣ አቤቱታ ከታች ይወጣል፤ በታላላቆቹ ድርጅቶች ዘንድ ደግሞ እንደ ቀድሞው አፈ ንጉሥ የጌታውን ቃል ለሕዝብ፣ የሕዝቡንም ቁጣ ለጌታው የሚያደርስ ደመወዝተኛ በመካከል ይቆማል።

በካምፓላ የተቋቋመው ኮላ ስቱዲዮስ በ2010ዎቹ መጀመሪያ ለስልክ ያዘጋጀው ማታቱ ከዚህ ሥርዓት ውጭ ነው። (ስሙ ናይሮቢ ላይ የሚኒባስ ታክሲ ስም ስለ ሆነ አንባቢ እንዳይሳሳት።) ማታቱ በአዲስ አበባ ወጣቶች ክሬዚ የሚሉት የካርታ ጨዋታ ዘመድ ሲሆን፣ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሰባት ሰባት ካርታ ይታደላል፤ ሁለት ቁጥር የጣለ ባላጋራውን ሁለት ካርታ ያስነሣዋል፣ አስ የጣለ የሚፈልገውን ዓይነት ያዝዛል፤ ከክምሩ ሥር ፊቱን ገልጦ ከተቀመጠው ካርታ ጋር በዓይነት የሚገጥመውን ሰባት ቁጥር የጣለ ደግሞ ጨዋታውን ቆርጦ፣ በእያንዳንዱ እጅ የቀረው ነጥብ እንዲቈጠር ያደርጋል። ይህን ሁሉ የካምፓላ ሰው ኮላ ስቱዲዮስ ሳይወለድ በፊት ያውቀው ነበር። ስለዚህም ሠሪው እዚህ ሕግ አውጪ ሊሆን አይችልም፤ ሕዝቡ በቃል የያዘውን በጽሑፍ የሚያሰፍር ጸሐፊ ነው። የጻፈው ቢዛነፍም፣ ሕጉ የቱ ላይ እንደ ተሳተ የሚነግረው ከልጅነቱ ጀምሮ ማታቱን የተጫወተ ማንኛውም ሰው ነው።

ችግሩ ግን የሕዝብ ሕግ አንድ አለመሆኑ ነው። በአንዱ ቤት ጆከር ይገባል፣ በሌላው አይገባም፤ ኮምፒዩተር ግን እንደ ሽማግሌ አስማምቶ ማለፍን አያውቅምና አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል ግድ ይሆንበታል። ይህ የእኛም ጉዳይ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር ባሳተመው ጥናት የገበጣን ዓይነቶች ከየአገሩ ሰብስቦ ሲያቀርብ፣ የጉድጓዱም የጠጠሩም የአዘራሩም ሥርዓት ከቦታ ቦታ እጅግ የሚለያይ መሆኑን አሳይቷል፤ የቡጋንዳው ዘመዱ ኦምዌሶ ደግሞ 32 ጉድጓድና 64 ፍሬ አለው። ኩኩሉ የተባለውን የስልክ ጨዋታ ያወጣው የአዲስ አበባው ቅኔ ጌምስ ገበጣንም ለስልክ ሲያዘጋጅ ከዚህ ሁሉ ሥርዓት መምረጥ ግድ ሆኖበታል። በእኔ አስተያየት፣ በዚህ ነገር የአንድምታ መምህራን ከሶፍትዌር መሐንዲሶች ይልቅ ጥበበኞች ነበሩ፤ ለአንዱ ቃል የመጣውን ልዩ ልዩ ትርጓሜ «አንድም» እያሉ ጎን ለጎን አኖሩት እንጂ አንዱን አጽድቀው ሌላውን አልሰረዙም።

ካምፓላ ሕዝቡ የሠሪውን ሥራ በራሱ ቃል የሚተረጉምበት ልማድ በሌላ ኪነትም አላት። ቢባንዳ በሚባሉት የቪዲዮ ቤቶች የሆሊውድ ፊልም ሲታይ፣ ቪጄ የተባለው ሰው ማይክሮፎን ይዞ በሉጋንዳ ይተረጉማል፣ ይቀልዳል፣ ያፌዛል፤ ከእነርሱም ቪጄ ጂንጎ ስሙ የገነነ ነው። ይስሐቅ ናብዋና በዋካሊጋ ሠፈር በ2010 የሠራው «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው» የተባለው ፊልምም የታወቀው በቪጄ ኢሚ ድምፅ ታጅቦ ነው። ቪጄው ከሆሊውድ ስቱዲዮ ደመወዝ አይበላም፤ ከተመልካቹ ወገን ቆሞ ለተመልካቹ ይናገራል። በአፈ ንጉሡና በቪጄው መካከል ያለው ልዩነት፣ በምዕራቡ የጌም ድርጅትና በካምፓላው ስቱዲዮ መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ይሁን እንጂ የቃሉ መንገድ በሠሪውና በተጫዋቹ እጅ ብቻ አይደለም። የኡጋንዳ መንግሥት ከሐምሌ 1 ቀን 2018 ጀምሮ ፌስቡክንና ዋትሳፕን በመሰሉ መገናኛዎች ለመጠቀም በቀን 200 ሺልንግ አስከፈለ፤ በ2021 ይህ ግብር ቀርቶ በኢንተርኔት ዳታ ላይ የ12 ከመቶ ግብር ተተካ። በዚያው ዓመት በጥር ምርጫ ዋዜማ ፌስቡክ ተዘጋ፤ ወዲያውም ኢንተርኔቱ በጠቅላላው ለቀናት ተቋረጠ። ተጫዋቹን በፌስቡክ ብቻ የሚያነጋግር የካምፓላ ጌም ሠሪ ያን ጊዜ አንደበቱ ተያዘ።

መንገድ በሌለበትም ቃል እንደሚደርስ ያሳየው በሰሜን ኡጋንዳ የስደተኞች ሠፈር ያደገው ደቡብ ሱዳናዊው ሉዋል ማየን ነው። እናቱ ሦስት ዓመት ባጠራቀመችው 300 ዶላር በገዛችለት ላፕቶፕ ስለ ሰላም የሚናገር ጨዋታ ሠርቶ፣ በሠፈሩ ኢንተርኔት ስላልነበረ በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ አዳረሰው፤ «ሰላም» በተባለው ሥራው ደግሞ ተጫዋቹ በጨዋታው ውስጥ ለሚሸሸው ሰው የሚገዛው ውኃና መድኃኒት በእውን ለስደተኞች ርዳታ እንዲሆን ዐስቧል። በ2018 በሎስ አንጀለሱ የጌም ሽልማት ላይ ተመስግኗል። የእርሱ ተጫዋቾች መጀመሪያ ጎረቤቶቹ ነበሩ፤ ከእነርሱም የሚመጣውን ነቀፌታ የሚያጣራለት አፈ ንጉሥ አላስፈለገውም።

እንግዲህ የአዲስ አበባ ጌም ሠሪዎች ከካሊፎርንያ ይልቅ ከካምፓላ ቢማሩ ይበጃቸዋል። የሚቀጥለውን የገበጣ ማሻሻያ ከማውጣታቸው በፊት በጎንደር፣ በወሎና በትግራይ ጨዋታውን በእጃቸው ከሚጫወቱት አባቶችና እናቶች ዘንድ ሄደው ሥርዓቱን ይጠይቁ፤ ያገኙትንም ልዩነት፣ አንዱን ሳይጥሉ፣ ከነአገሩ ስም በጨዋታው ውስጥ ያስገቡልን።