የታሸገ ዕድል

ባለፈው የዒድ አል-ፈጥር ሰሞን ከውጭ አገር የመጡ ዘመዶቻችን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ በሚገኘው ቤታችን አርፈው ነበር። ልጃቸው ከሻንጣው አሥር የሚያብረቀርቁ እሽጎች አወጣ፤ በውስጣቸው «ፖኬሞን» የተባለው ጨዋታ የሥዕል ካርዶች አሉ። የእኛዎቹ ልጆች ከበውት ተቀመጡ። አንዱን እሽግ ቀደደ፤ ካርዶቹን በጥድፊያ ገላለጠና ወደ ጎን ወረወራቸው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ አደረገ። አሥሩም ሲያልቁ የፈለጋት ካርድ ስላልተገኘች ፊቱ ጠቆረ። የእኛዎቹ ግን የተጣሉትን ካርዶች ከምንጣፉ ላይ ለቃቅመው እስከ መግሪብ ሲጫወቱባቸው ዋሉ።

ውድ አንባቢያን! ካርዱ ያው አንድ ካርድ ነው። ታዲያ ለአንዱ ልጅ መጫወቻ፣ ለሌላው ጥራጊ ያደረገው ምንድን ነው?

መልሱ ያለው በአሻሻጡ ላይ ነው። ይህ ዓይነቱ ጨዋታ የተስፋፋው «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» የተባለው እ.ኤ.አ. በ1993 አሜሪካ ውስጥ ከወጣ በኋላ ነው፤ የፖኬሞን ካርድ በ1996 ከጃፓን ተከተለ። በማጂክ የመጀመሪያ እሽጎች ውስጥ 15 ካርዶች ነበሩ፤ 11 ተራ፣ 3 መካከለኛ፣ 1 ብርቅ። ብርቅ ከተባሉት መካከል የትኛው እንደሚደርሰው ገዢው አያውቅም። እንግዲህ ልጁ የሚከፍለው ለ15ቱ ካርዶች ሳይሆን ለአንዲቷ ካርድ ተስፋ ነው። የጨዋታው የመጀመሪያ ደንብ ተጫዋቾች ከየካርዳቸው አንድ አንድ አስይዘው አሸናፊው እንዲወስድ እስከ መፍቀድ ደርሶ ነበር፤ ኋላ ግን ቀርቷል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በጠጠር ውርወራ የሚደረግን ሽያጭና ምንነቱ ያልታወቀ ነገር መሸጥን እንደከለከሉ ኢማም ሙስሊም ዘግበዋል። ሊቃውንት ከሰጧቸው ማብራሪያዎች አንዱ፣ ጠጠሩ ያረፈበት ዕቃ ለገዢው የሚሆንበት ግብይት ነው ይላል። ያ ጠጠር ዛሬ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ተጠቅልሎ አልመጣምን?

በእርግጥ ፈትዋ መስጠት የዑለማዎች እንጂ የኛ ፈንታ አይደለም። «በእሽጉ ውስጥ ምንጊዜም ካርድ ስላለ ገዢው ባዶ እጁን አይመለስም» የሚል መከራከሪያም አለ፤ ቀላል መከራከሪያ አይደለም። ነገር ግን ልጁ ባዶ እጁን ካልቀረ ካርዶቹን ስለምን ወረወራቸው? የቤልጂየም የቁማር ኮሚሽን እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 በአንዳንድ የኮምፒውተር ጨዋታዎች ውስጥ በገንዘብ የሚከፈቱትን የዕድል ሳጥኖች የቁማር ሕግን የሚጥሱ ናቸው ብሏል። ሥጋቱ የሙስሊሞች ብቻ አለመሆኑን ልብ ይሏል።

«ይህ የሩቅ አገር ጣጣ ነው» የሚል አይጠፋም። በአገራችንም በለስላሳ መጠጥ ቆርኪ ሥር ሽልማት የተደበቀባቸው ጊዜያት እንደነበሩ እናስታውስ። ለጥሙ ሲል አንድ ጠርሙስ የጠጣ ልጅ ጥፋት የለበትም። ጥሙ ከቆረጠለት በኋላ ለቆርኪው ብሎ ሁለተኛውን የሚያስከፍተው ግን ከእንግዳችን ልጅ በምን ይለያል?

አባቶቻችንና እናቶቻችን ያስተማሩን ግብይት ሌላ ነው። በገበያችን ሙዝ የሚገዛ ሰው እያገላበጠ አይቶ ይገዛል። ከዶርዜ ሸማኔ ኩታ የሚገዛም ዘርግቶ፣ ጥለቱን አይቶ፣ ድሩን ዳስሶ ነው የሚከፍለው። ሻጩም አይቀየመውም። ሁለቱም የሚሰጡትንና የሚቀበሉትን ያውቃሉና ተመራርቀው ይለያያሉ።

ታዲያ ወላጆች ምን እናድርግ? ልጅን ተቆጥቶ ካርዱን መቅደድ ትምህርት አይሆንም። ካርዱን ከወደደው የሚፈልጋትን ለይቶ፣ በዓይኑ አይቶ፣ በታወቀ ዋጋ ይግዛት፤ ከጓደኛው ጋርም በግልጽ ይለዋወጥ። የታሸገ ነገር አምጡልኝ ሲለን ደግሞ አንዲት ጥያቄ እናስቀድም፦ «የማትፈልገው ቢወጣም ትደሰትበታለህ?» መልሱን ራሱ ይስጥ። ልጅ ዛሬ በሳንቲም የለመደውን ነገ በደመወዙ ይደግመዋልና።

አላህ (ሱ.ወ.) ልጆቻችንን በእጃቸው ባለው ሐላል የሚብቃቁ ያድርግልን። አሚን።