ስኳር መለኪያ ኮኬይን ስታገኝ

እቤታችሁ የስኳር ሕመምተኛ ካለ ጠብታ ደም ተቀብላ ቁጥር የምታወጣውን ትንሽ መሣሪያ ታውቋታላችሁ። እሷ የምትለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግሉኮስ። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲዎቹ ዩ ሺያንግ እና ዪ ሉ ግን በ2011 (እ.ኤ.አ.) ኔቸር ኬሚስትሪ ላይ ባወጡት ጥናት ይቺኑ መሣሪያ ሳይነካኩ ኮኬይን፣ አዴኖሲንና ዩራኒየም አስለኳት።

እንዴት መሰላችሁ? ማግኔት በሚስባቸው ጥቃቅን እንክብሎች ላይ አፕታመር ይለጠፋል፤ አንድን ሞለኪውል እንዲይዝ በቤተ ሙከራ ተመርጦ የወጣ አጭር የዲኤንኤ ክር ማለት ነው። እዚያ ላይ ኢንቨርቴዝ የተባለ ኢንዛይም በሌላ የዲኤንኤ ክር ይንጠለጠላል። ኮኬይን ሲመጣ አፕታመሩ እሱን ለማቀፍ ይታጠፍና ኢንቨርቴዙን ይለቀዋል። እንክብሎቹን በማግኔት አስወግዶ የቀረው ፈሳሽ ላይ ስኳር መጨመር ነው፣ ያው ሻይ ላይ የምንጨምረውን። ኢንቨርቴዙ ስኳሩን ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይሰነጥቀዋል፤ አንዱ ኢንዛይም ይህን ደጋግሞ ስለሚሠራ ከጥቂት ኮኬይን ብዙ ግሉኮስ ይገኛል።

ብልሃቱ እውነትም ያስቀናል። ኮኬይንን የሚያህል ትንሽ ሞለኪውል በሁለት አንቲቦዲ መሃል አጣብቆ መያዝ ይከብዳል፤ ለሁለቱ የሚሆን ቦታ የለውማ። በአንድ ክር መታጠፍ ግን ችግሩ ታለፈ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ኢንዛይሙ ድምፅ ማጉያ ነው፤ አፕታመሩ ከተሳሳተ ስህተቱንም አጉልቶ ያሰማል። የኮኬይኑን አፕታመር እዩት። በኋላ ሲመረመር የወባ መድኃኒት የሆነውን ኩዊኒንን ከኮኬይን አብልጦ ይይዛል። ኩዊኒን ቶኒክ ውሃ ውስጥም አለ! የአዴኖሲኑ ደግሞ አዴኖሲንን ከኤቲፒ አይለይም። ይባስ ብሎ በ2019 ከካናዳው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ለዓመታት ብዙዎች የተጠቀሙበት «የአርሴኒክ አፕታመር» አርሴኒክን ጨርሶ እንደማይይዝ አሳየ። ለካ የወርቅ ቅንጣቶቹ ላይ የሚለጠፈው አርሴኒኩ ራሱ ኖሯል፤ የቀለሙ ለውጥ የመጣው ከዚያ ነው። ሰው መሣሪያውን እያደነቀ ክሩን ሳይፈትሽ ቀረ።

ደም ላይ ሲሆን ደግሞ ቀድሞውንም ግሉኮስ አለ፤ እሱን ለብቻ ለክቶ መቀነስ ግድ ነው።

የዩራኒየሙን ክፍል ግን አምነዋለሁ። እዚያ ያለው የሚያቅፍ ሳይሆን ዩራኒየም ሲያገኝ የሚቆርጥ ዲኤንኤ ነው፤ መራጭነቱም ከዚያ በፊት ከሌሎች ብረቶች ጋር ተፈትኗል።