«መጋላዲ»፦ የሐርጌሳ መሐል ከተማ ትዝታ በናዲፋ ሞሐመድ ልቦለድ ውስጥ

በሶማሊኛ ከተማ «መጋሎ» ይባላል። ከተማዋ ተለይታ ስትታወቅ «መጋላዳ» ትሆናለች። ቋንቋው ግን ሌላ የእሙርነት ቅጥያም አለው፤ በእርሱ «መጋላዲ» ሲባል ነገሩ ተናጋሪውና አድማጩ ከዚህ ቀደም የሚያውቁት፣ ካለፈ ጊዜ ጋር የተያያዘ መሆኑ ይገለጣል። «ጉሪጋ» ቤቱ ነው፤ «ጉሪጊ» ያ ቤት፣ ያኔ የነበረው። «ደጋልካ» ጦርነቱ ነው፤ «ደጋልኪ» ያለፈው፣ ሁላችን የምናውቀው ጦርነት። ቅጥያው ነገሩ ፈርሷል ወይም ጠፍቷል አይልም፤ ወደ ኋላ ማመልከት ብቻ ነው ሥራው። በፈረሰ ከተማ ላይ ሲያርፍ ግን አድማጩ ልዩነቱን ሳይነገረው ይረዳል። አማርኛ ይህን ለማለት «ያቺ» ወይም «የቀድሞዋ» የሚል ቃል መጨመር ይኖርበታል። ሶማሊኛ ጊዜን በስሙ ጅራት ላይ ያስራል።

ይህ የሰዋስው ነጥብ ለአንድ የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ መግቢያ ይሆናል። ስለ ሐርጌሳ መደብደብ በስፋት ከሚታወቁት ልቦለዶች አንዱ የተጻፈው በሶማሊኛ ሳይሆን በእንግሊዝኛ ነው። ናዲፋ ሞሐመድ እ.ኤ.አ. በ1981 ሐርጌሳ ተወልዳ በልጅነቷ ወደ ለንደን የሄደች ደራሲ ናት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ሁለተኛ ልቦለዷ፣ ርእሱ በአማርኛ «የጠፉ ነፍሳት የአትክልት ስፍራ» ሊባል የሚችለው፣ ከጥቅምት 1987 ጀምሮ ከተማዋ እስከ ወደመችበት እስከ 1988 ያለውን ጊዜ በሦስት ሴቶች በኩል ይተርካል። የቀድሞውን በስም ላይ የሚያመለክት ቅጥያ የሌለው ቋንቋ ያቺን ከተማ እንዴት ይጠራታል?

የታሪኩ መሠረት የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1988 መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና ዚያድ ባሬ አንዱ የሌላውን ተቃዋሚ ላለመደገፍ ተስማሙ። በኢትዮጵያ ምድር መሸሸጊያ የነበረው የሶማሌ ብሔራዊ ንቅናቄ ይዞታውን ሊያጣ ሲል ወደ ሰሜን ሶማሊያ ገባና በግንቦት ወር መጨረሻ ቡርዖንና ሐርጌሳን አጠቃ። የመንግሥቱ መልስ መድፍና የአየር ድብደባ ነበር። አውሮፕላኖቹ ከራሷ ከሐርጌሳ ማረፊያ እየተነሡ ያችኑ ከተማ ደበደቡ። አብዛኛው የከተማዋ ክፍል ፈረሰ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በእግሩ ወደ ኢትዮጵያ ተሰደደ፤ ብዙው ሐርትሼክ ላይ ሰፈረ። ስምምነቱ በተፈረመ በሦስተኛው ወር፣ ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል የሐውዜንን ገበያ ደበደበ። እርስ በርስ የታረቁት ሁለቱ መንግሥታት በአንድ ወቅት የየራሳቸውን ሕዝብ ከአየር መቱ። ስለዚህ የሐርጌሳ ትዝታ ለአማርኛ አንባቢ የሩቅ ጎረቤት ወሬ ሊሆን አይችልም።

ስለ ተደበደቡ ከተሞች የሚጻፍ ትዝታ አንድ የተለመደ ቅርጽ አለው፤ ከድብደባው በፊት ሰላምና ጥጋብ፣ ከድብደባው በኋላ ፍርስራሽ። የናዲፋ ልቦለድ ትልቁ ብቃቱ ይህን ቅርጽ አለመቀበሉ ነው። ታሪኩ የሚከፈተው ቦምብ ከመውደቁ ከወራት በፊት፣ የዚያድ ባሬ መፈንቅለ መንግሥት በሚታሰብበት ቀን ነው። የሰፈር ሴቶች «ጉዲ» በተባለው ኮሚቴ እየተነዱ በማለዳ ወደ ስታዲየም ይሄዳሉ። በስደተኞች ካምፕ የተወለደችው ዴቆ ጫማ ለማግኘት ብላ ልትጨፍር መጥታለች፤ እርምጃው ሲጠፋባት ትደበደባለች። ባሏ የሞተባት ካውሰር ሕፃኗን ልታስጥል ትገባና ራሷ ትታሰራለች። በሞቃዲሾ ያደገችው ወታደር ፊልሰን በእስር ቤት ትመታታለች፤ የካውሰር ዳሌ ይሰበራል። እንግዲህ ከተማዋ ከመፍረሷ በፊት የአንዲት ነዋሪዋ አካል ፈርሷል። አውሮፕላኑ የመጣው ቀደም ሲል በሰው አካል ላይ የተጀመረውን በቤቶች ላይ ሊቀጥል ነው። «በፊት» የሚባለው ዘመን በልቦለዱ ንጹሕ ዘመን ሆኖ አልቀረበም።

መክፈቻው የተጻፈው በአሁን ጊዜ ግሥ ነው። ካውሰር ገና ሳይነጋ ትነሣለች፣ ትታጠባለች፣ ትወጣለች። ይህ ምርጫ ከላይ ለተነሣው ጥያቄ ከፊል መልስ ይሰጣል። እንግሊዝኛው «መጋላዲ» ማለት ስለማይችል «መጋላዳ»ን መርጧል፤ ከተማዋን ገና እንዳለች፣ ሱቁም ስታዲየሙም እንደ ቆመ አድርጎ ያቀርባል። የጎደለውን ቅጥያ የሚጨምረው 1988ን የሚያውቅ አንባቢ ነው። እያንዳንዱ ግድግዳ ሲጠቀስ አንባቢው በልቡ «የነበረው» ይላል። ገጸ ባሕርያቱ ግን አያውቁም። ይህ የእውቀት ልዩነት በልቦለዱ የመጀመሪያ ሁለት ክፍሎች ላይ ብርቱ ጫና ይፈጥራል።

የከተማዋ ትዝታ ለሦስቱ ሴቶች በእኩል አልተሰጠም። ካውሰር አልጋ ላይ ከቀረች በኋላ ሐርጌሳን የምታየው በመስኮትና በኅሊና ነው። ጓሮዋ ውስጥ የተከለችው አትክልት በማኅፀኗ ሳይጸኑ የቀሩት ልጆቿ ከተቀበሩበት መሬት የበቀለ ነው፤ የልቦለዱ ርእስም ከዚህ ይመነጫል። ለእርሷ ከተማ ማለት የራስን ሙታን የሚያውቅ አፈር ነው። ፊልሰን ደግሞ ከተማዋን የምታየው ሊጠበቅና ሊጠረጠር እንደሚገባው ሥፍራ፣ በወታደር ዓይን ነው። ዴቆ ሁለቱም የላትም። መሐል ከተማውን የምታውቀው ከእግር እኩል ሆና ነው፤ ገበያውን ከሚለቃቀም ፍሬ፣ ፈፋውን ከማደሪያነቱ። ድብደባው ሕዝቡን ሲያባርር የተዘጉት ቤቶች ለእርሷ ይከፈታሉ። ሌላው የሚያለቅስበትን ፍርስራሽ እርሷ በረሃብና በጉጉት ትጎበኛለች። ለባለ ቤት «ጉሪጊ» የሆነው ለእርሷ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጉሪጋ» ሆነ። በልቦለዱ ውስጥ ስለ ድብደባው ከተጻፈው ሁሉ ይህ እጅግ እውነተኛው ነው፤ የከተማ መውደም ለሁሉም አንድ ዓይነት ማጣት እንዳልሆነ ይመሰክራልና።

«ቀሖቲ» የሚለው የሶማሊኛ ቃልም እዚህ ላይ ይታሰባል። «ቀሕ» ከሚለው የመሸሽ ግሥ ጋር የሚዛመድ ሲሆን ስደተኛ ማለት ነው። ከ1977-78ቱ ጦርነት በኋላ በሐርጌሳ ዙሪያ ቀሖቲ የሚባሉት ከኢትዮጵያ የተሰደዱት ነበሩ። በ1988 ቃሉ ቤቱን ቀየረ፤ የሐርጌሳ ባለ ቤቶች ራሳቸው ወደ ኢትዮጵያ የተሻገሩ ቀሖቲ ሆኑ። ልቦለዱ ካውሰርንና ዴቆን አንድ ላይ ወደ ካምፕ ሲያደርስ ይህን የቃል መገላበጥ በታሪክ አካል ያሳያል። አንዷ ወደማታውቀው ትሰደዳለች፤ ሌላዋ ወደ ለመደችው ኑሮ ትመለሳለች።

ድክመቱም መነገር አለበት። የመጨረሻው ክፍል ይቸኩላል። ከቀደሙት ገጾች ዝግታ በኋላ ድብደባው በጥቂት ምዕራፍ ይጠቀለላል፤ ሦስቱ ሴቶች በአንድ ቤት የሚገናኙበት አጋጣሚም ከሕይወት ይልቅ ለደራሲ ሐሳብ የሚመች ነው። መሐል ከተማው በሚፈርስበት ሰዓት ታሪኩ ወደ ቤት ውስጥ ይገባና ጎዳናውን ይተወዋል። ሁለተኛው ድክመት የቋንቋ ነው። በጽሑፉ የቀሩት የሶማሊኛ ቃላት በአመዛኙ ስሞች ናቸው፤ እንደ «ጉዲ» ያሉ የአገዛዝ፣ ወይም እንደ «ፈቀሽ» ያሉ ወታደሩን የሚሰድቡ። የሞቃዲሾ አነጋገርና የሰሜኑ አነጋገር የሚለያዩበት ጆሮ ግን በእንግሊዝኛው ጠፍቷል። ፊልሰንና ካውሰር በእስር ቤት ሲነጋገሩ የሁለት ከተማ ሰዎች መሆናቸውን ሶማሊኛ ሰሚ ከመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ሊለየው በቻለ ነበር። አንባቢው ልዩነቱን የሚያገኘው ከገለጻ እንጂ ከንግግራቸው አይደለም።

ይህ ጉድለት የሚመዘነው ከሌሎቹ የትዝታ ማደሪያዎች ጎን ነው። ዛሬ በሐርጌሳ መሐል የሚታወቀው ሐውልት በምሰሶ ላይ የተሰቀለ የሚግ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ጥፋቱን ለሚያልፍ ሁሉ ይናገራል፤ ከጥፋቱ በፊት በዚያ ምን ይሸጥ እንደነበረ ግን አይናገርም። በአንጻሩ የሐርጌሳ ሬዲዮ ሠራተኞች ከድብደባው አስቀድመው ካሴቶችን ሸሽገው ነበር፤ ከፊሉን መሬት ውስጥ ቀብረው። ከተረፉት ብዙዎቹ ዛሬ በከተማዋ የባህል ማዕከል ይገኛሉ። በእነርሱ ውስጥ ሐርጌሳ በ«መጋላዳ» ትናገራለች፤ ዘፋኙም ተዋናዩም መጪውን አያውቅም። ናዲፋ በአሁን ጊዜ ግሥ ልታስመስለው የሞከረችው አለማወቅ በካሴቶቹ ሳይመሰል ተቀምጧል።

ስለዚህ ልቦለዱ የሐርጌሳ ትዝታ ብቸኛ ምስክር ተደርጎ መወሰድ የለበትም፤ ሊያገኘው የሚገባውን ክብር መንፈግም አይገባም። ሐውልቱ ያልያዘውን፣ ማለትም ከአውሮፕላኑ በፊት የነበረውን ፍርሃትና በአንዲት ሴት ጓሮ የተቀበረውን ኀዘን፣ ይዟል። ካሴቶቹ የያዙትን ድምፅ ግን ሊተካ አይችልም። በ1988 ዐዋቂ የነበሩት ዛሬ አርጅተዋል። «መጋላዲ» ሲሉ የትኛው ጎዳና፣ የትኛው ሱቅ እንደሚታያቸው በራሳቸው አነጋገር ካልተቀዳ፣ ቅጥያው በሰዋስው መጻሕፍት ይቀራል፤ የሚያመለክተው ከተማ ግን አብሯቸው ይሄዳል። የሐውዜንን ገበያ ለሚያስታውሱትም ነገሩ ያው ነው።