ከመልእክቱ ግርጌ የሚቀመጥ ስም

በደሴና በኮምቦልቻ መሥሪያ ቤቶች ኢሜይልና የንግድ ሶፍትዌር ስተክል ሰው ቶሎ እንዲያልቅለት የሚፈልገው የኢሜይል ፊርማው ነው። «ስምና ስልክ አስገባበትና ጨርስ» ይሉኛል። እኔ ግን ረዥም ጊዜ የምቀመጠው እሱ ላይ ነው። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ላይ ያለ ትራንዚተር ጅቡቲ ላለ የመርከብ ወኪል ሲጽፍ፣ ወይም በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያለ ሠራተኛ ለውጭ ገዥ ሲጽፍ፣ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም። ተቀባዩ ማን እንደጻፈለት፣ መልሱን ለማን እንደሚሰጥ፣ ነገር ሲበላሽ ማንን እንደሚጠይቅ የሚያውቀው ከግርጌው ነው።

የወረቀት ደብዳቤያችን ለዚህ የተሟላ ሥርዓት አለው። ራስጌው ላይ የመሥሪያ ቤቱ ስም፣ ቁጥርና ቀን፤ ግርጌው ላይ «ከሰላምታ ጋር»፣ ፊርማ፣ ቲተር፣ ክብ ማኅተም፣ ከዚያ ግልባጭ። በነገሥታቱ ዘመን ደግሞ ላኪው ገና ከአናቱ ይታወቅ ነበር፤ የአፄ ምኒልክ ደብዳቤ ማኅተሙ ከላይ ነው፣ ስምና ማዕረጉ ይቀድማል፣ «ይድረስ» የሚለው ከዚያ በኋላ ይመጣል። ኢሜይል ወደ ቢሯችን ሲገባ ይህን ሁሉ አስቀርቶ ነው የገባው። ስለዚህ ግርጌው ለእያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ እንዲገባ ማድረግ የጽሕፈት ቤት ሥርዓትን የማስጠበቅ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከሁሉም የሚከብደው ስም ነው። ሶፍትዌሩ ሁለት ሣጥን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ለራስ ስም፣ ሌላው ለቤተሰብ ስም። እኛ በሁለተኛው የምንሞላው የአባት ስም ነው። ለምሳሌ ዘምዘም ይመር የምትባል የግዥ ሠራተኛ ለውጭ አቅራቢ ብትጽፍ፣ መልሱ «ውድ ሚስተር ይመር» ብሎ ይመጣል። ሴቲቱ ወንድ ሆናለች፤ የተጠሩትም አባቷ ናቸው። ሠራተኞች ይህን ለምደውት ዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ዝም መባል የለበትም እላለሁ፤ ሰው በስሙ መጠራት አለበት። ለእንግሊዝኛው ግርጌ ሁልጊዜ የማስገባው ሁለት ነገር አለ፤ ከስሙ በፊት ሴት ወይም ወንድ መሆኑን የሚለይ መጠሪያ፣ ከስሙ በታች ደግሞ «እባክዎ በመጀመሪያ ስሜ ይጥሩኝ» የምትል አጭር መስመር። «ውድ ወይዘሮ ዘምዘም» የሚል መልስ ሲመጣ ማየት ከዚህ ሥራ ከማገኘው ደስታ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ወሎ ውስጥ ደግሞ የፊደሉ ጉዳይ አለ። ሰይድ፣ እንድሪስ፣ መሐመድ በላቲን ፊደል ሲጻፉ እንደየጸሐፊው ይለያያሉ፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ሁለት ሰይዶች እንኳ አንድ ዓይነት አይጽፉትም። ማረም የእኔ ድርሻ አይደለም። ፓስፖርቱ ወይም የባንክ ደብተሩ ላይ እንዴት እንደተጻፈ ጠይቄ ያንኑ አስገባለሁ። የድርጅቱ ስምም ከንግድ ፈቃዱ ጋር አንድ መሆን አለበት፤ ኤልሲ (የክፍያ መተማመኛ ሰነድ) የሚመረምር የባንክ ሠራተኛ ፊደል በፊደል ነው የሚያየው።

ስልኩ ቀላል ነው። የእኛ አካባቢ መደበኛ ስልክ በ033 ይጀምራል፤ ከፊቱ 251 ሲገባ ዜሮዋ ትወጣለች። የሥራ ሰዓት የሚጻፍ ከሆነ ለውጭ ሰው በሚገባው አቆጣጠር ይጻፍ፤ የእኛ ጠዋት 2፡30 ለእሱ 8፡30 ነው።

የአማርኛው ግርጌ በዩኒኮድ ይጻፍ። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም ያነበዋል። በድሮዎቹ የአማርኛ ፎንቶች የተጻፈ ስም ግን ያ ፎንት በሌለው ማሽን ላይ ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ሆኖ ይታያል። ይህን ፈርተው ግርጌውን በሥዕል የሚያስገቡ አሉ። ሥዕል ብዙ ጊዜ ይታገዳል፣ ስልኩን ነክቶ መደወል አይቻልም፣ በሞባይል ዳታ ለሚያነብ ሰውም ሸክም ነው።

አውትሉክም ጂሜይልም ሁለት ቦታ ይሰጣሉ፤ አንዱ ለአዲስ መልእክት፣ አንዱ ለምላሽ። ለአዲሱ ሙሉውን፣ ለምላሹ ስምና ስልክ ብቻ አደርጋለሁ። በ1995 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 1855 የተባለው የኢንተርኔት ጨዋነት መመሪያ ግርጌ ከአራት መስመር ባይበልጥ ይመክራል፤ ዛሬም የምስማማበት ልክ ነው። እንደ ኦዱ ባለ የንግድ ሶፍትዌር ፊርማው በየተጠቃሚው መለያ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ካልተሞላ የግዥ ማዘዣው ስም ብቻ ይዞ፣ ያለ ኃላፊነትና ያለ ስልክ ይወጣል።

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያዳርስ ብዙ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሩን አጣ። ከኅዳር መጨረሻ በኋላ ሰው ወደ ቢሮው ሲመለስ ኢሜይሉ ሰርቨር ላይ ነበር፤ ፊርማው ግን አልነበረም። የቀድሞው የአውትሉክ አሠራር ፊርማን የሚያስቀምጠው በዚያው ማሽን ላይ ነበርና ከማሽኑ ጋር ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሁሉንም ሠራተኛ ግርጌ የያዘ አንድ ፋይል ከከተማው ውጭ ባለ ሰርቨር ላይ፣ አንድ የታተመ ቅጂም መዝገብ ቤት ሳላስቀምጥ ሥራዬን አልጨርስም።

በጽኑ የምከለክለው አንድ ነገር ነው፤ ማኅተምና የእጅ ፊርማ ስካን አድርጎ በእያንዳንዱ ኢሜይል ግርጌ መለጠፍ። ኃላፊዎች መልእክቱ ክብደት እንዲኖረው ብለው ያዙኛል። ሐሳባቸው ይገባኛል፤ ያለ ማኅተም ወረቀት የማይታመንበት አገር ነው የምንኖረው። ነገር ግን ያ ምስል የደረሰው ሰው ሁሉ ቀድቶ የፈለገው ደብዳቤ ላይ ሊያሳርፈው ይችላል። ሕጋዊ ክብደት ለሚያስፈልገው ሰነድ ስለ ኤሌክትሮኒክ ፊርማ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1072/2010 አለ፤ በምስክር ወረቀት የተረጋገጠ ዲጂታል ፊርማ የሚሠራው በዚያ መንገድ ነው። የድርጅታችሁ ማኅተም ከኢሜይላችሁ ግርጌ ካለ ዛሬውኑ አስወጡት፤ በቦታው የሚጠየቀውን ሰው ሙሉ ስም፣ የሥራ ኃላፊነቱንና የሚነሣ ስልክ አስገቡ።