ፊደል ከመቁጠር ፊደል ወደ መቅረጽ



በአገራችን «ፊደል የቆጠረ» ማለት የተማረ ማለት ነው። ፊደሉን ለማተሚያና ለኮምፒዩተር የቀረጸው ማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ እምብዛም የለም። ይህ ጸሐፊ በሙያው መሐንዲስ እንጂ ሠዓሊም የቋንቋ ሊቅም ስላልሆነ ድፍረቱን ይቅር በሉት። የምጽፈው ነገሩ ቤቴ ድረስ ስለመጣ ነው።

ቨርጂኒያ አብራኝ የምትኖረው እናቴ በየማለዳው ዳዊት ትደግማለች። ባለፈው ዓመት ከአንድ ሐኪም ቤት በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ ደረሳት። እንግሊዝኛ ቢሆን ኖሮ ለእኔ ትሰጠኝ ነበር። አማርኛ ስለሆነ ራሷ ልታነበው ታገለች፤ ሲደክማት አጥፋ ዳዊቷ ውስጥ አስቀመጠችው። እኔ ያየሁት ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ነው። «አማርኛ አይደለም እንዴ፣ እማዬ?» ብላት «ፊደሉማ የኛ ነው፤ ግን ዐይን የለውም» አለችኝ።

ደብዳቤውን በአጉሊ መነጽር ሳየው እውነቷን ነበር። ዋና ዋና ቃላቱን ለማድመቅ ኮምፒዩተሩ ፊደሉን እንዲሁ አወፍሮታል። በዚህም የኃምሱ ቀለበት ተደፍኗል። «ሊ»ን ከ«ሌ»፣ «ቢ»ን ከ«ቤ» የሚለየው ያቺ ትንሽ ቀዳዳ ናት። «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ሰ»ን ከ«ሸ» የሚለየውም ከራስ ላይ ያለው ሰረዝ ነው፤ እሱም ከታች ካለው ጋር ተጣብቋል። መስመሮቹም ተደራርበዋል። የላቲን ትንንሽ ፊደላት ገሚሶቹ ወደ ላይ፣ ገሚሶቹ ወደ ታች ስለሚዘልቁ በመስመርና በመስመር መካከል አየር አይጠፋም። የኛዎቹ ግን አብዛኞቹ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ናቸው። ለእንግሊዝኛው የተለካውን ክፍተት ለአማርኛው መስጠት የሌላ ሰው ጫማ እንደማልበስ ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነው? «ፊደላችንን ባዳ ስለቀረጸው ነው» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ታሪኩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1513 መዝሙረ ዳዊትን ሮም ላይ በግዕዝ ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን ጀርመናዊ ነበር፤ ቋንቋውንም ከለዳዊ ነው ብሎ ያምን ነበር። ነገር ግን በ1548 እና በ1549 ሐዲስ ኪዳንን እዚያው ሮም ያሳተመው የኛው መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ነው። ኢንጂነር አያና ብሩም ፊደሉን ከጽሕፈት መኪና ጋር ለማስታረቅ ደክመዋል። መኪናው ያን ሁሉ ፊደል የሚይዝ ቁልፍ ስላልነበረው ፊደሉ መቆራረጥና መገጣጠም ግድ ሆኖበት ነበር። ያኔ ፊደል ለመኪና ጎነበሰ፤ ምክንያቱም አማራጭ አልነበረም።

ዛሬ ያ ሰበብ የለም። ፊደላችን በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ እያንዳንዱ ሆሄ የራሱ ቁጥር አለው። በ2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣውን «ኒያላ»ን የቀረጸው ጆን ሃድሰን ነው። ፍርዴን ልናገር፤ «ኒያላ» የብራና ጸሐፊውን እጅ የሚያከብር ሥራ ነው፤ የመቃ ብዕሩ ሲወፍርና ሲቀጥን ይታያል። በርዕስ መጠን ሲያዩት ደስ ይላል። አሳንሰው ኮምፒዩተር ላይ ሲያነቡት ግን ቀጫጭኑ መስመር ይከዳል። የጉግል «ኖቶ ሳንስ» በተቃራኒው መስመሩ ሁሉ እኩል ውፍረት ያለው ስለሆነ ስልክ ላይ ይነበባል፤ የብዕሩን ትዝታ ግን አጥቷል። ሁለቱም ለእናቴ ደብዳቤ ያገለግሉ ነበር፤ አንደኛው ሰፋ ተደርጎ፣ ሌላው አየር ተሰጥቶት ቢታተም። ስለዚህ ጉድለቱ ከቀራጩ ይልቅ ገጹን ካሰናዳውና አይቶ ካሳለፈው ዘንድ ነው። የሚያሳዝነው፣ አይቶ የሚያሳልፈው አብዛኛውን ጊዜ የኛው ሰው ነው።

«አገር በችግር ላይ እያለች ስለ ቀለበትና ሰረዝ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። መልሴ አጭር ነው። በዋሽንግተን ዲሲ በ2004 የወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለአማርኛ ተናጋሪውም አስፈላጊ ሰነዶችን እንዲተረጉሙ መንገድ ከፍቷል። መብቱ ተገኘ ማለት ነው። ነገር ግን የተተረጎመ ሁሉ የተነበበ አይደለም። የማይነበብ ትርጉም እንዲያውም ካለመተርጎም ይብሳል፤ ተቋሙ «አሳውቄያለሁ» ይላል፣ አረጋዊው «እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ» ብሎ ራሱን ይወቅሳል። እናቴም ያለችኝ ይህንኑ ነው፤ «ዐይኔ ነው መሰለኝ» አለች። ዐይኗስ ዳዊቱን እያነበበ ነው!

ስለዚህ ተርጓሚዎቻችንና የማኅበር መሪዎቻችን ሰነዱን ከማጽደቃቸው በፊት የታተመውን ወረቀት ለአንድ አረጋዊ ሰጥተው ያስነብቡ፤ ኮምፒዩተር ላይ ማየት አይበቃም። በማሽን የተወፈረን ፊደል ትተው ደማቅ ሆኖ የተቀረጸውን ይምረጡ። ፊደል ለሚቀርጹ ወጣቶቻችንም ሥራቸውን በነጻ ከመቅዳት ዋጋውን እንክፈል። ለመጻፍ የተከፈለው ደራሲ፣ ለማተም የተከፈለው አታሚ እያለ፣ ፊደሉን የቀረጸው ብቻ ለምን ባዶ እጁን ይቀራል?

አባቶቻችን ፊደል አቆዩልን፤ እኛም ቆጠርነው። ዐይኑን ጠብቆ ማስረከብ ደግሞ የኛ ተራ ነው።

ቸር ይግጠመን።